ትንሹን ጥርስ ያስወለቀ ስጦታ

ባህር ዳር ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። አብዛኛው ሰው ሆሳዕና ድረስ እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ እኔም የምሄድ አይመስለኝም ነበር። ሄጄ ያየሁት ነገር ግን ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ጎማ ስለጥፍ ሳይቀር ድንገት ትዝ እያለኝ እጄን ያስቆመዋል።

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዮሴፍ የሚባል የሃዲያ ልጅ እዚህ እኛ ከተማ ሲማር ግቢዬ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ኖሯል፤ ብስክሌት መንዳት ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። የእንስሳት ጤና ተምሮ አገሩ ሌሞ ወረዳ ተመደበ። እዚያ አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተራራ ብስክሌቱን ትቶለት ሄደ። ዮሴፍ ከቀበሌ ቀበሌ ከብት የሚያክመው በዚያ ነው። ችግሩ፣ ቁልቁለት ላይ ሰንሰለቱ እየወረደ ያስቸግረዋል። አንድ ቀን ደወለልኝ።

«ጋሼ አየለ፣ ሰንሰለቱን የሚይዝ ዕቃ አለ ይላሉ። እርስዎ ይምረጡልኝ። ብስክሌቱ ከፊት ሁለት...»

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብዬ አቋረጥኩት። «ለእኔ ተወው።»

ሰንሰለት መሪ ይባላል ዕቃው። ፔዳሉ ሥር ይታሰርና ሰንሰለቱ ከጥርሱ እንዳይወርድ አቅፎ ይይዘዋል። ጥርስ የምለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ክብ ብረት ነው። አንዱን ከመርካቶ አስመጥቼ ላክሁለት። «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፣ መጥተው ይዩት» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ይደውላል፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ «መጥተው ይዩት እንጂ ጋሼ» ይላል። ናፍቆት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ ክረምት፣ አንዴ እንዲያው ስንፍና እያልኩ ዓመት ከምናምን አሳለፍኩ። በመጨረሻ በጥቅምት ወር ቆርጬ ተነሳሁ።

አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ

ከባህር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና አላወራውም። የዓባይ በረሃ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ትከሻዬ ላይ ማስመለሳቸውን ብቻ ልናገርና ልለፍ። አዲስ አበባ ስገባ ጋቢዬን አጥቤ በእጄ እርጥቡን ይዤ ነበር።

መርካቶ የገባሁት ለዮሴፍ ስጦታ ልገዛ ነው። የመጀመሪያውን ያን ያህል ካደነቀው፣ ከዚያ የተሻለ ሰንሰለት መሪ ልውሰድለት ብዬ አሰብኩ። ነጋዴው ወጣት ነው፣ ግን ዕቃውን ያውቃል።

«ከፊት ስንት ጥርስ ነው አባት?» አለኝ።

«ብስክሌት ከፊት ስንት ሊኖረው ነው? አንድ ነዋ።»

«የተራራ ከሆነ ሁለትም ሦስትም አለው። ይሄ ለአንድ ጥርስ ብቻ ነው የሚሆነው። ደውለው ቢጠይቁ ይሻላል።»

«ባለፈው የላክሁለት ራሱ ይሄ ዓይነት ነው። በጣም ጥሩ ነው ብሎኛል» አልኩት። ልጁ ትከሻውን ሰብቆ ጠቀለለልኝ። እኔ ባህር ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ከፊት አንድ ጥርስ፣ ከኋላ አንድ ጥርስ፣ ጉዳዩ አለቀ። ዳገት የምንለው ድልድዩ ላይ ያለውን ከፍታ ነው። ያን ሌላ ዓይነት ብስክሌት እንደ ፈረንጅ ቅብጠት አየው ነበር።

ሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ደቡብ። ቡታጅራ ላይ ምሳ ወረድን። ክትፎ አዘዝኩ፤ አብሮት ነጣ ያለ፣ ቃጫ ቃጫ የሚል ቂጣ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው የዱራሜ አስተማሪ «ቆጮ ነው፣ ከእንሰት የሚሠራ» አለችኝና በመስኮት ተክሉን አሳየችኝ። ደነገጥኩ። እኛ ኮባ ብለን ዳቦ የምንጋግርበት ቅጠል ነው! እዚያ አገር ተክሉን ቆፍረው፣ ፍቀው፣ ቀብረው፣ አብላልተው ይበሉታል።

«እኛ ዳቦውን በልተን እሱን እንጥለዋለን» አልኳት።

«ታዲያ ምግቡን ነው የምትጥሉት» አለች። ቆረስኩና በላሁ። ትንሽ ይኮመጥጣል። ሁለተኛ ጨመርኩ።

ሆሳዕና ከሰዓት በኋላ ገባን። ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ከቢሮ የሚወጣው ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ብስክሌት የለም። እንደ ባህር ዳር ተማሪው፣ ካህኑ፣ ሽማግሌው በብስክሌት ሲያልፍ አይታይም። ቀና ብዬ ዙሪያውን ሳይ ገባኝ። ከተማው ጀርባ ዳገት፣ ከዳገቱ ማዶ ሌላ ዳገት ነው።

ዮሴፍ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ሲራመድ የቀኝ ጉልበቱን ያዝ ያደርጋል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደል ጋሼ። ሥራ ነው።» ሻንጣዬን ነጥቆኝ ጋሪ ላይ ጫነው።

ቤቱ በእንሰት ተከቦ ከመንገድ አይታይም። ባለቤቱ ወርቅነሽ የከምባታ ልጅ ነች፤ ወላጆቿ አንጋጫ ነው የሚኖሩት። አባቱ አባባ ኤርጃቦ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን ሃዲይኛ ይመርጣሉና ዮሴፍ ይተረጉማል። አታካና የሚባል ምግብ ቀረበ፤ ከእንሰት የሚወጣው ነጭ ዱቄት፣ ቡላ፣ በቅቤና በወተት የተሠራ ነው። ገንፎ መስሎኝ በትልቁ ዝቄ ጎረስኩና ምላሴን ተቃጠልኩ። እንባዬ ሲመጣ አባባ ኤርጃቦ ከዳር ከዳሩ በትንሹ እየወሰዱ እንዴት እንደሚበላ አሳዩኝ። ከዚያ በራሳቸው እጅ አጎረሱኝ።

ብስክሌቱ ከሳሎኑ ጥግ ቆሟል፤ ጨርቅ ለብሷል። ዮሴፍ ገለጥ አድርጎ የላክሁለትን ሰንሰለት መሪ አሳየኝ። ተወልውሎ ያበራል። መብራቱ ደብዛዛ ስለነበር ከዚያ ሌላ አላየሁም፣ ማየትም አላስፈለገኝም፤ ኩራት ብቻ ተሰማኝ። ወዲያው ሻንጣዬን ከፍቼ አዲሱን አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ወርቅነሽ መሬት መሬት አየች። ዮሴፍ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ለአባቱ አሳየ። ሽማግሌው አንድ ነገር በሃዲይኛ ተናገሩ። «ምን አሉ?» ስል፣ «እጅዎ አይጠር ነው የሚሉት» አለኝ። ነገሩን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ስሜት ያሸነፋቸው መስሎኝ ተደስቼ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ

ወርቅነሽ እኔ ዓርብን እንደምጾም ሳልነግራት አውቃ ቆጮ በጎመን፣ ያለ ቅቤ ሠርታ አቀረበች። ቁርስ ላይ ሳለን አንድ ገበሬ እያለከለከ መጣ። ከማዶው ቀበሌ፣ የአንድ ለአምስቱ ተጠሪ ልኮት ነው። አንድ በሬ ትናንት ማታ ደህና በልቶ አድሮ ጠዋት ወድቋል፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ካፍንጫው ደም ይወጣል። ባለቤቶቹ ሳይሞት ሊያርዱት ቢላዋ እየሳሉ ነው።

ዮሴፍ ጉርሻውን አስቀምጦ ተነሳ። «አባ ሰንጋ ነው» አለኝ። «ሥጋውን ከበሉት ሰው ይሞታል። ሳይከፋፈሉት መድረስ አለብን።» ስልክ ለመደወል ጉብታው ላይ ወጥቶ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። እሱ በብስክሌቱ፣ እኔ በጎረቤት ፈረስ ሆነን ወጣን። ፈረስ ላይ ከወጣሁ ሃያ ዓመት ይሆነኛል። ልጓሙንም የፈረሱንም ጋማ አንድ ላይ ጨብጬ ስሄድ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየኝ ነበር።

ሜዳው ላይ ዮሴፍ ጥሎኝ ሄደ። መጀመሪያው ዳገት ላይ ስደርስ ግን ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ አገኘሁት። አለፍኩት! እኔ፣ በፈረስ፣ ያን ልጅ! ላቡ ባገጩ ይንጠባጠባል፣ የታመመ እግሩን ይጎትታል።

«ለምን ማርሽ ቀይረህ አትወጣም?» ብዬ ጮህኩበት። «ሰው ሊሞት ነው እያልክ ትንሸራሸራለህ?»

እሱ ገፋ። ሁለተኛው ዳገት ላይም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ከፈረሱ ወርጄ ብስክሌቱ ሥር ተንበረከክሁ፣ ምን ተበላሽቶ እንደሆነ ላይ። በቀን ብርሃን ያኔ አየሁት።

ከፊት ያለው አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ ትልቁ፣ ለሜዳ የሚሆነው። ከአጠገቡ ሌላ ጥርስ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። ከላይ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ዕቃም የለም። በእሱ ቦታ የእኔ ሰንሰለት መሪ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ትንሹ ጥርስስ?» አልኩ።

«አለ ጋሼ።»

«የት ነው ያለው?»

«ቤት ነው። እንሂድ፣ ይረፍድብናል።»

ክው ብዬ ቀረሁ። የላክሁት ለአንድ ጥርስ ብቻ የሚሆን ነው፤ እሱ እንዲገባ ሲል ዳገት የሚያስወጣውን ጥርስ ነቅሎታል። ዓመት ከምናምን ሙሉ ይህን ሁሉ ተራራ በእግሩ ነው የገፋው። ጉልበቱም የሄደው በዚህ ነው። «ከፊት ሁለት» ብሎ ሊነግረኝ ሲል አፉን ያስያዝኩት ደግሞ እኔ። ፈረሱን ለእሱ ሰጥቼ ብስክሌቱን እስከ መንደሩ እኔ ገፋሁ።

ስደርስ ዮሴፍ አንድ ሰፊ ግቢ መሀል ቆሞ እጁን ዘርግቷል። በሬው ታርዷል። ሥጋው የእንሰት ቅጠል ላይ በየድርሻው ተደርድሯል፤ አንዷ ሴት የራሷን ድርሻ ልታነሳ ጎንበስ ብላ በዚያው ቀርታለች። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፣ ገና ውኃው ብቻ ነው የፈላው። እነሱ ጎረቤት ጠርተው ለመካፈል የተነሱት ከክፋት አይደለም፤ አንድ በሬ ለአንድ ቤት የዓመት ጉልበት ነው፣ ሲወድቅ ቢያንስ ሥጋው ይትረፍ ይላሉ። የበሬው ባለቤት ቢላዋውን እንደያዘ «ሥጋውንም እንቅበር ነው የምትለው?» አለ። ዮሴፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሃዲይኛ ለረጅም ጊዜ አናገረው። ሰውየው ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሥጋው፣ ቅጠሉ፣ ቆዳው ሳይቀር ተቃጥሎ ተቀበረ። እጃቸውን ደም የነካቸውን ሦስት ሰዎች ወዲያው ጤና ጣቢያ ላካቸው። የቀሩትን ከብቶች ከተበ።

እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ድስቱን ነበር የማየው። ውኃው ቀድሞ ቢፈላ፣ ሰውየው ቢቸኩል፣ ዮሴፍ አንድ ዳገት ተጨማሪ ቢገፋ፣ ያን ቤት ያጠፋው የእኔ ስጦታ ነበር።

ማታ ራት ላይ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ዮሴፍ አባቱን አየ። አባባ ኤርጃቦ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እሱ ተረጎመልኝ። በእሳቸው ቤት፣ ታላቅ የሰጠው ዕቃ፣ ሰጪው በቦታው ሆኖ ሳያየው አይወልቅም። አይቶት የማይሆን ከሆነ ራሱ ያወልቀዋል። ሰጪው ሳያየው ማውለቅ ወይም በሩቅ አይሆንም ማለት ግን ሰውየውን ከቤት እንደማስወጣት ነው።

«ለዚህ ነው ይምጡ እያልኩ የደወልኩት» አለ ዮሴፍ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ናፍቀውኝም ነበር።»

ስንት ጊዜ ደወለ? ስንት ጊዜ ቀጠርኩት? እጄ ላይ የነበረውን ቆጮ መልሼ ሰሃኑ ላይ አደረግሁት። እኛ አገር አንድ ዕቃ ካልሆነ «ይሄ አይሆንም» ብሎ መልሶ መላክ ነው፤ ምናልባት መቀያየምም አለ፤ ግን በሳምንቱ አዲስ ጥርስ ይኖረው ነበር። እሳቸውን ደግሞ ሳያቸው፣ እንግዳ አክብረው ልጃቸውን ዳገት ለዳገት ያስገፉ ሽማግሌ፣ ልቆጣቸው ወይስ ላክብራቸው አላወቅሁም። ሁለቱም ስሜት ነበረብኝ።

«ወርቅነሽ፣ ትንሹን ጥርስ አምጪልኝ» አልኩ።

ከሳጥን ውስጥ፣ የጋብቻ ወረቀታቸው ከተቀመጠበት ሥር፣ ከማሻገሪያው ጋር አወጣችው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ስፈታው ቅቤ ሸተተኝ። እንዳይዝግ በየወሩ ቅቤ ትቀባው ኖሯል። አንድም ጥርሱ አልዛገም።

አራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ

ጠዋት፣ ሁሉም ቆመው እያዩ፣ የመጀመሪያውን ሰንሰለት መሪ በገዛ እጄ አወለቅሁት። ዮሴፍ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ ብስክሌቱን ጋሪ ላይ ጭነን ሆሳዕና ገበያ ዳር ወደሚሠራው ወደ ሳሙኤል ሄድን። ሳሙኤል ጋሪም ሞተርም ብስክሌትም ይጠግናል። ሲያየኝ «የባህር ዳሩ ጋሼ እርስዎ ነዎት?» አለና ሳቁን ዋጠ። ወሬው ከተማውን አዳርሷል።

ለሁለት ጥርስ የሚሆን ሰንሰለት መሪ አንድ ነበረው፣ ከተሰባበረ ብስክሌት የተረፈ። ከሥር ሰንሰለቱን የሚወጥር ትንሽ መንኮራኩር አለው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ «ይሄንን ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ጠየቅሁ።

«ሰንሰለቱ ወደየት ነው የሚወርደው? ወደ ውጭ፣ በፔዳሉ በኩል? ወይስ ወደ ውስጥ?»

ዮሴፍ ሳሙኤልን አየ፣ እኔን አየ። «ልናገር ጋሼ?»

«ተናገር።»

ተናገረ። ምን ያህል ጊዜ አስቦበት እንደኖረ ያኔ ገባኝ። ወደ ውጭ አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ቁልቁለት ወርዶ ሲጨርስ፣ ለሚቀጥለው ዳገት ከትልቁ ወደ ትንሹ ጥርስ ሲቀይር ትንሹን ዘሎ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ በጥርሱና በፍሬሙ መሀል ይቀረቀራል። መንኮራኩር ያለው ዕቃ ደግሞ የሌሞ ጭቃ በአንድ ቀን ሞልቶት አላዞር ይለዋል። ከሥር ስለሚንጠለጠል ድንጋይም ይመታዋል። የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ ምላስ ብቻ ናት፤ ከውስጥ በኩል ቆማ ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ ጥርስ የምትመልስ።

ትክክል ነበር። ሁሉንም ነገር ትክክል ነበር። ዓመት ሙሉ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊነግረኝ የሚችለው ነገር ነው።

እንዲህ ዓይነት ምላስ ሳሙኤል ጋ አልነበረም። አዲሱን ስጦታዬን ከዮሴፍ ቦርሳ አውጥቼ የሳሙኤል ማጥበቂያ ላይ አሰርኩና መጋዙን አነሳሁ። የውስጡ ብረት ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ለምላስ የሚሆን። ዮሴፍ ደንግጦ እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አዲስ ነው እኮ!»

«ሰጪው አይቶታል» አልኩት። «ይቆረጥ።»

ሳሙኤል ጠርዙን ሞረደው፤ የውኃ ጎማ በሚታሰርበት፣ ፋሼታ በሚባለው የብረት ቀለበት ከፍሬሙ ጋር አሰርነው። ትንሹን ጥርስ፣ ቅቤውን ጠርጌ፣ ከማሻገሪያው ጋር በቦታው መለስኩት። ምላሷን ከሰንሰለቱ ሳንቲም በሚያሳልፍ ርቀት ላይ አስተካከልኳት። ከጠበቀች ትፋቃለች፣ ከራቀች ሰንሰለቱ ያመልጣል።

አምስተኛው ቀን፣ እሑድ

እነሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያን ሦስተኛ ዳገት ልናይ ወጣን፤ አባባ ኤርጃቦም በዱላቸው ተከተሉን። ዮሴፍ ከማዶው ቁልቁለት በሙሉ ፍጥነት ወረደ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቀየረ። ሰንሰለቱ ሲዘል ድምፁን ሰማሁ፤ ምላሷን ነካት፣ ተመለሰ፣ ትንሹን ጥርስ ያዘ። ልጁ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳይወርድ፣ ቀስ እያለ፣ አጠገባችን አልፎ ወጣ። ዞር ብሎም አላየንም። አባቱ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «ዓመት ሙሉ» አሉ በአማርኛ።

ሰኞ ስመለስ አባባ ኤርጃቦ ሥሩ በጭቃ የታሸገ አንድ የእንሰት ችግኝ አስታቀፉኝ። እስከ አዲስ አበባ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ እስከ ባህር ዳር ጉልበቴ ላይ ሆኖ መጣ። ቦታ ስላጣሁለት ሱቄ በር ላይ ተከልኩት። የኛ ሙቀትና የጣና ውኃ ተስማማው መሰለኝ፣ ተስፋፋ። አሁን ቅጠሉ በሩን ሸፍኖታል። ደንበኛ ብስክሌቱን ይዞ መግባት ስለማይችል ሥራዬን መንገድ ላይ ነው የምሠራው፤ ፀሐዩ ሊገድለኝ ነው። ባለቤቴ ንቀለው ብላ በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች። ዶማውንና ገመዱን ይዤ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ገብቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩ።

«ዮሴፍ፣ አባትህ የሰጡኝ እንሰት በጣም ጥሩ ነው» አልኩት። «መጥታችሁ እዩት እንጂ።»

«ጋሼ» አለኝ፤ «ምንዎን ዘጋብዎት?»